የሶፕ ክላየንት አልሠራ ሲል፦ እንደገና ማመንጨት፣ መሣሪያ መቀየር ወይስ በእጅ መጻፍ?

አዳዲስ አገልግሎቶች በአብዛኛው በሬስትና በጄሶን የሚሠሩ ቢሆንም፣ የባንክ፣ የመድንና የጭነት ሥርዓቶችን ከሌላ ሶፍትዌር ጋር ማገናኘት ያለበት ባለሙያ ዛሬም ከሶፕ (ፕሮግራሞች በኤክስኤምኤል መልእክት ከሚነጋገሩበት የቆየ ስልት) አያመልጥም። ደሴ ላይ ለቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሶፍትዌር የሚሠራ አነስተኛ ቡድን፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ለዕቃ አስተላላፊ የሰነድ ሥርዓት የሚያዘጋጅ ፕሮግራመር፣ ወይም ወልድያ ላይ የክሊኒክን ሒሳብ ክፍል ከመድን ሰጪ ጋር የሚያገናኝ ባለሙያ በእጁ የሚገባው ብዙውን ጊዜ አንድ የደብሊውኤስዲኤል ፋይል (አገልግሎቱ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ የሚገልጽ ውል) እና አንድ የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ፋይሉን ለኮድ ማመንጫ መሣሪያው ይሰጠዋል፤ መሣሪያውም በርካታ ክላሶችን ያመነጫል። ከዚያ በኋላ ወይ ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም፣ ወይ ሰርቨሩ መልእክቱን አይቀበልም፣ ወይም ደግሞ፣ ከሁሉም የሚከፋው ይኸኛው ነው፣ ምንም ስሕተት ሳይታይ ባዶ መልስ ይመጣል።

በዚህ ጊዜ ከፊት የሚቀርቡት መንገዶች አምስት ናቸው፦ በያዙት መሣሪያ ቅንብሩን አስተካክሎ ኮዱን እንደገና ማመንጨት፣ ወደ ሌላ ማመንጫ መሄድ፣ ኮድ ማመንጨቱን ትቶ ውሉን በሥራ ሰዓት የሚያነብ ላይብረሪ መጠቀም፣ ኤክስኤምኤሉን በእጅ ጽፎ መላክ፣ ወይም በመካከል ድልድይ የሚሆን ትንሽ ፕሮግራም ማቆም። ይህ መመሪያ እነዚህን አምስቱን ያነጻጽራል። ሆኖም ሰው መሣሪያ የሚቀይረው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ መሣሪያው ላይ ሳይሆን ነውና፣ ንጽጽሩ የሚጀምረው ከምርመራው ነው።

መጀመሪያ የተላከውን መልእክት ማየት

ስሕተቱ ሊኖር የሚችለው ከአራት ቦታ በአንዱ ነው፦ በውሉ ማለትም በደብሊውኤስዲኤሉና የመረጃውን ዓይነት በሚገልጸው ስኬማ፣ በመነጨው ኮድ፣ በመንገድ ላይ ባለው መልእክት፣ ወይም በሰርቨሩ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የመነጨውን ኮድ በማንበብ አይደለም። በመስመሩ ላይ በእርግጥ የወጣውን ኤንቨሎፕ (ሙሉውን የሶፕ መልእክት) እና የመጣውን መልስ እንዳለ በማየት ነው። ይህን ለማሳየት ሁሉም መሣሪያ መንገድ አለው። ፒኤችፒ ላይ «ትሬስ» የሚለው አማራጭ ሲበራ የመጨረሻውን ጥያቄና መልስ ማውጣት ይቻላል፤ አፓቼ ሲኤክስኤፍ የተባለው የጃቫ መሣሪያ የሎግ ፊቸር አለው፤ ፓይተን ላይ ዚፕ የተባለው ላይብረሪ (ከፋይል ማመቂያው ጋር የስም መመሳሰል ብቻ ነው ያለው) የታሪክ ፕለጊን ይዟል፤ ዶትኔት ላይ የመልእክት ኢንስፔክተር መጻፍ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ያንኑ ደብሊውኤስዲኤል ሶፕዩአይ በተባለው የሶፕ መሞከሪያ ፕሮግራም ላይ ከፍቶ፣ ያንኑ ጥያቄ ከዚያው ኮምፒውተር መላክ ነው። ሶፕዩአይ ትክክለኛ መልስ ካገኘ ኔትወርኩ፣ ሰርተፍኬቱና ሰርቨሩ ደኅና ናቸው፤ ሁለቱን መልእክቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን መፈለግ ብቻ ይቀራል። ሶፕዩአይም ተመሳሳይ ስሕተት ካገኘ ግን የትኛውንም ማመንጫ ቢቀይሩ ለውጥ አይመጣም።

ልዩነት ሲፈለግ በቅድሚያ ዓይን ሊያርፍባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛው የሶፕ እትም ነው። በ2000 የወጣው 1.1 መልእክቱን «ቴክስት/ኤክስኤምኤል» በሚል የይዘት ዓይነትና «ሶፕአክሽን» በሚል ሄደር ይልካል፤ በ2003 የጸደቀው 1.2 ደግሞ «አፕሊኬሽን/ሶፕ+ኤክስኤምኤል» ይላል፣ የኤንቨሎፑም ኔምስፔስ (የኤለመንት ስሞች የየትኛው ውል እንደሆኑ የሚለየው መጠሪያ) ሌላ ነው። ሰርቨሩ 415 የሚል ኮድ ወይም የእትም አለመጣጣም ፎልት (የስሕተት መልስ) ከመለሰ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ሌላው አድራሻው ነው፦ በደብሊውኤስዲኤሉ መጨረሻ ላይ የተጻፈው አድራሻ የአገልግሎት ሰጪው የውስጥ ሰርቨር ስም ሆኖ መገኘቱ በጣም የተለመደ ስለሆነ፣ የመነጨው ክላየንት ከውጭ ሊደረስበት ወደማይችል ቦታ ይደውላል። ለዚህ ችግር ኮድ እንደገና ማመንጨት አያስፈልግም፤ በሁሉም መሣሪያዎች አድራሻውን በሥራ ሰዓት መተካት ይቻላል። ባዶ መልስ ሲመጣ ደግሞ የሚመረመረው ኔምስፔስ ነው። መልሱ በጥሬው ሲታይ ሙሉ ሆኖ፣ ኤለመንቶቹ ግን ውሉ ከሚለው የተለየ ኔምስፔስ ይዘው ከመጡ፣ አንዳንድ ማመንጫዎች ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይዘሏቸዋል።

በእኛ አገር የሚጨመሩ ሦስት ወጥመዶች

የውጭ መመሪያዎች የማይጠቅሷቸው፣ ነገር ግን እዚህ በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ቀን ነው። የስኬማው የቀን ዓይነት የሚያውቀው የግሪጎርያንን አቆጣጠር ብቻ ነው። ሐይቅ ከተማ የሚገኝ ማኅበር የቁጠባ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መዝግቦ፣ ፕሮግራሙ ሳይቀይር ቢልከው፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 «2017-02-30» ሆኖ ይወጣል፤ ፌብሩዋሪ የሚባለው የፈረንጅ ወር 30 ቀን ስለሌለው ሰርቨሩ ይመልሰዋል። ጳጉሜም 13ኛ ወር ሆና ትመለሳለች። እነዚህ ጮኸው ስለሚወድቁ ደግ ናቸው። አደገኛው ጥር 10 ቀን 2017 ነው፦ «2017-05-10» ተብሎ ሲላክ ሕጋዊ ቀን ስለሆነ ሰርቨሩ በጸጥታ ይቀበለዋል፣ ነገር ግን የሚመዘገበው ግንቦት 2 ቀን 2009 ሆኖ ነው። ትክክለኛው «2025-01-18» ነበር። ቀኑን የሚቀይረው ኮድ መልእክቱ ከመሠራቱ በፊት በአንድ ቦታ ብቻ ሊቀመጥ ይገባል፤ በየክላሱ ከተበተነ አንዱ ጋ መረሳቱ አይቀርም። ከዚህ ጋር፣ እኩለ ሌሊት ላይ የተቀመጠ ቀን ከእኛ የሰዓት ቀጠና ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ሲዞር ሦስት ሰዓት ወደኋላ ስለሚሄድ፣ የጥር 10 ገቢ የጥር 9 ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። የመልእክት ደኅንነት ደረጃን የሚከተሉ አገልግሎቶች በሄደሩ ውስጥ የጊዜ ማኅተም ይጠይቃሉ፤ ማኅተሙም ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ለአምስት ደቂቃ ያህል ነው። የቢሮው ኮምፒውተር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ 9 ሳይሆን 3 እንዲያሳይ ተደርጎ ከተሞላ ስድስት ሰዓት ይዛነፋል፣ ሰርቨሩም የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ይከለክላል። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ የሚዛባ፣ የማዘርቦርድ ባትሪው የደከመ አሮጌ ኮምፒውተርም እንዲሁ ያደርጋል። መፍትሔው ኮድ ውስጥ የለም።

ሦስተኛው ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል። መልእክቱን በእጅ የሚልክ ፕሮግራም ርዝመቱን በፊደል ብዛት ከቆጠረ፣ ሰርቨሩ የኤክስኤምኤሉን ጭራ ሳያነብ ያቆምና «ያላለቀ ሰነድ» ይላል፤ ሙከራው በእንግሊዝኛ ስም ሲደረግ ግን ሁሉም ደኅና ይሆናል። የይዘት ዓይነቱ ላይ የፊደል ስብስቡ ካልተገለጸ ደግሞ «ከድጃ» ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆና ልትመጣ ትችላለች። ስለዚህ የመጀመሪያው የሙከራ መልእክት በአማርኛ ስም ቢሆን ይመረጣል።

የመመዘኛ ነጥቦች

አምስቱ አማራጮች የሚመዘኑት በሚከተሉት ነው። ውሉ በየትኛው ስልት ተጻፈ የሚለው ቀዳሚው ነው፦ ዶክዩመንት-ሊተራል የተባለውን (መልእክቱ ስኬማውን እንዳለ የሚከተልበትን) ሁሉም ይችለዋል፣ አሮጌውን አርፒሲ-ኢንኮድድ (እያንዳንዱ ዋጋ ከነዓይነቱ የሚጻፍበትን) ግን ብዙ ዘመናዊ ማመንጫዎች አይቀበሉትም። ከዚያ ጥሬው መልእክት በቀላሉ ይታያል ወይ፣ ውሉ ሲቀየር ማስተካከሉ ምን ያህል ይከብዳል፣ የመልእክት ደኅንነትን ይደግፋል ወይ የሚሉት ይከተላሉ። ሁለት ነጥቦች ደግሞ ከአካባቢው ሁኔታ የሚመጡ ናቸው፦ በሚቆራረጥ መስመር ላይ እንዴት ይሠራል፣ እና ሠሪው ሌላ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ቢሄድ ኮዱን የሚረከበው ማን ነው። መሣሪያዎቹ በአብዛኛው በነጻ የሚገኙ ስለሆኑ በጀት ማለት እዚህ የሰው ጊዜና የዳታ ወጪ ነው።

በያዙት መሣሪያ እንደገና ማመንጨት

ጥፋቱ በውሉና በኮዱ መካከል ከሆነ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው፤ ርካሽም ነው። የስም ግጭት ሲኖር የጃቫ ማመንጫዎች በአንድ ክላስ ውስጥ ሁለት መግለጫዎች ተጋጩ ይላሉ፤ የባይንዲንግ ፋይል ጽፎ አንዱን ስም መቀየር ይፈታዋል። ጃቫ 8 ላይ ከውጭ የሚጠራ ስኬማ እንዳይነበብ የሚከለክል ገደብ ስላለ፣ ወይ ገደቡን በፕሮፐርቲ መክፈት፣ ወይም ደብሊውኤስዲኤሉንና ስኬማዎቹን ሁሉ አውርዶ ከራስ ዲስክ ላይ ማመንጨት ይቻላል። ሁለተኛው ይሻላል፤ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ግንባታው አይቆምም፣ ውሉ መቼ እንደተቀየረም በማወዳደር ይታወቃል።

የዶትኔት ተጠቃሚዎች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ውሉ ላይ አማራጭ የሆነ ቁጥር ወይም ቀን ሲኖር፣ ማመንጫው ከፊልዱ ጎን «ስፔሲፋይድ» በሚል ቅጥያ የሚጨርስ እውነት-ሐሰት ፊልድ ሊፈጥር ይችላል። ብሩን 5000 ብለው ሞልተው ይህን ወደ እውነት ካልቀየሩት፣ ብሩ በመልእክቱ ውስጥ ጨርሶ አይወጣም፤ ሰርቨሩም «የገንዘብ መጠን የለም» ይላል፤ ፕሮግራመሩ ግን በዲበገሩ (ኮዱ ሲሠራ ውስጡን በሚያሳየው መሣሪያ) 5000 ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ጥሬውን መልእክት ያየ ሰው ወዲያው የሚደርስበት፣ ያላየ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያባክንበት ስሕተት ነው።

የመነጨውን ኮድ በእጅ ማረም ግን በፍጹም አይመከርም። በሚቀጥለው ማመንጨት እርማቱ ይጠፋል፣ የተረከበውም ሰው ለምን እንደጠፋ አያውቅም።

ወደ ሌላ ማመንጫ መሄድ

ለዚህ በቂ ምክንያት የሚሆኑት ጥቂት ናቸው። አንዱ የጃቫ እትም ነው፦ ከጃቫ 6 ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረው ደብሊውኤስ-ኢምፖርት የተባለ ማመንጫ በ2018 በወጣው ጃቫ 11 ተወግዷል፤ በኋላም የፓኬጆቹ ስም ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ተቀይሯል። ስለዚህ ትላንት ይሠራ የነበረ ክላየንት ኮምፒውተሩ በተቀየረ ማግስት ክላስ አልተገኘም ቢል ውሉን መመርመር አያስፈልግም፤ ላይብረሪውን ለብቻው መጨመር ወይም ወደ ሲኤክስኤፍ መሻገር ነው። ሲኤክስኤፍ 3 የጃቫክስን፣ ሲኤክስኤፍ 4 የጃካርታን ስሞች ስለሚጠቀሙ፣ ሁለቱን በአንድ ፕሮጀክት ማደባለቅ አዲስ ችግር ያመጣል።

ሌላው በቂ ምክንያት አርፒሲ-ኢንኮድድ ነው። ዘመናዊዎቹ የጃቫ ማመንጫዎች ይህን አይደገፍም ብለው በግልጽ ያቆማሉ። አክሲስ 1 የተባለው አሮጌ የጃቫ መሣሪያ ይችለዋል፤ ነገር ግን 1.4 እትሙ የወጣው በ2006 ሲሆን የታወቁ የደኅንነት ክፍተቶች አሉበት። በዋናው ሥርዓት ውስጥ ማስገባቱ አይመከርም፤ ስለ ድልድይ በሚናገረው ክፍል እንመለስበታለን። ወጪን በተመለከተ፣ የጃቫ ላይብረሪዎች ጥገኝነታቸው ብዙ ስለሆነ የመጀመሪያው ማውረድ በሞባይል ዳታ ይከብዳል፤ ጥሩ መስመር ባለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት የተለመደ መላ ነው።

ውሉን በሥራ ሰዓት የሚያነብ ላይብረሪ

የፒኤችፒ ሶፕክላየንትና የፓይተኑ ዚፕ ኮድ ሳያመነጩ ይሠራሉ፤ ለትንሽ ቡድን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የራሳቸው ጠባይ ግን አላቸው። ፒኤችፒ ደብሊውኤስዲኤሉን በነባሪ ለ86,400 ሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ቀን፣ በካሽ (በጊዜያዊ ማከማቻ) ያቆየዋል፤ አገልግሎት ሰጪው ውሉን ቢያስተካክልም የእርስዎ ሰርቨር እስከ ነገ ድረስ አሮጌውን ይዞ ሊከራከር ይችላል። ሌላው ጠባዩ ዝርዝር ላይ ይታያል፦ ሁለት ብድር ያለበት አባል ሲጠየቅ የሚመጣው ዝርዝር ነው፣ አንድ ብድር ብቻ ያለበት ሲጠየቅ ግን አንድ ኦብጀክት ብቻ ይመጣል፤ በዝርዝር ላይ የሚዞረው ኮድ የብድሩን ፊልዶች እንደ ብድሮች ይቆጥራቸዋል። ክላየንቱ ሲፈጠር አንድ ኤለመንትንም በዝርዝር እንዲያቀርብ የሚያዝ አማራጭ አለ፤ ከመጀመሪያው ቀን ይብራ። ፒኤችፒ አርፒሲ-ኢንኮድድን ይችላል፣ የመልእክት ደኅንነት ግን አብሮት አይመጣም፤ ሄደሩ በእጅ ይሠራል።

ዚፕ የይለፍ ቃል ማኅተምንና ፊርማን ይደግፋል፣ ከኮማንድ መስመር ላይ የውሉን ኦፕሬሽኖች ዘርዝሮ ማሳየቱም ለምርመራ ይመቻል። በነባሪው ጥብቅ ስለሆነ ከውሉ ያፈነገጠ መልስ ላይ ይቆማል፤ ጥብቅነቱን ማላላት ይቻላል። ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ደብሊውኤስዲኤሉን ከኢንተርኔት እንዳይፈልግ ፋይሉን በአካባቢው ማስቀመጥ ለሁለቱም ግድ ነው።

በእጅ መጻፍ

ከአገልግሎቱ የሚፈለገው አንድ ወይም ሁለት ኦፕሬሽን ከሆነ፣ ለምሳሌ ቀሪ ሒሳብ መጠየቅ ብቻ፣ ከሶፕዩአይ የተወሰደውን መልእክት አብነት አድርጎ በኤችቲቲፒ መላክ አያሳፍርም። ምን እንደሚላክ ሁልጊዜ ይታያል። ዋጋው ግን ከሦስተኛው ኦፕሬሽን ጀምሮ ይንራል፤ ኤክስኤምኤሉ ጽሑፍን ከጽሑፍ በመቀጣጠል ከተሠራ ደግሞ በስም ውስጥ የገባ አንድ የ«እና» ምልክት (&) ሰነዱን ያፈርሳል። ፊርማ የሚጠይቅ አገልግሎት ላይ ይህን መንገድ መሞከር ጊዜ ማቃጠል ነው።

በመካከል ድልድይ ማቆም

አሮጌውን ክላየንት፣ አክሲስም ቢሆን፣ ለብቻው በሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ዘግቶ፣ ዋናው ሥርዓት በቀላል ጄሶን እንዲያናግረው ማድረግ ነው። የሚመከረው አሮጌ ውል ሲገጥም፣ ወይም ብዙ ቅርንጫፎች አንድን አገልግሎት ሲጋሩ ነው። ቅርንጫፉ ከሐይቅ ወይም ከወገል ጤና ሲደውል መስመሩ ቢቋረጥ፣ ድልድዩ ጥያቄውን ይዞ ሊቆይ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ታይምአውት (መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ ስለማለቁ) ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፣ ገንዘብ የሚጠፋበት ቦታ ነውና። ሲኤክስኤፍና ዶትኔት መልስ የሚጠብቁት በነባሪ ለአንድ ደቂቃ ነው። ደቂቃው አለቀ ማለት ክፍያው አልተፈጸመም ማለት አይደለም፤ ሰርቨሩ ገንዘቡን አስተላልፎ መልሱ ብቻ በመንገድ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ በራሱ ደግሞ የሚልክ ፕሮግራም ክፍያውን ሁለት ጊዜ ይፈጽማል። ማንኛውም የገንዘብ ጥያቄ የማይደገም መለያ ቁጥር ይያዝ፤ ከታይምአውት በኋላም መጀመሪያ «ይህ ቁጥር ደርሷችኋል ወይ» ተብሎ ይጠየቅ፤ ይህ ኦፕሬሽን በውሉ ውስጥ ከሌለ ድጋሚ መላኩ ለሰው ይተው።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | አርፒሲ-ኢንኮድድ | ጥሬ መልእክት ማየት | ውል ሲቀየር | የመልእክት ደኅንነት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| እንደገና ማመንጨት | እንደ መሣሪያው | በቅንብር | ቀላል | እንደ መሣሪያው | ዝቅተኛ |
| ሲኤክስኤፍ | የለም | ቀላል | ቀላል | ጠንካራ | መካከለኛ፣ ዳታ ይበላል |
| ዶትኔት ማመንጫ | እንደ እትሙ | ኢንስፔክተር ይጻፋል | ቀላል | በአዲሱ እትም ውስን | መካከለኛ |
| ፒኤችፒ ሶፕክላየንት | አለ | ቀላል | ካሹ ይጸዳል | በእጅ | ዝቅተኛ |
| የፓይተን ዚፕ | መሞከር ያሻል | ቀላል | ቀላል | ጥሩ | ዝቅተኛ |
| በእጅ መጻፍ | ይቻላል | ሁልጊዜ | ከባድ | አይመከርም | ሲጀመር ዝቅተኛ |
| ድልድይ | በውስጡ ባለው | ቀላል | በአንድ ቦታ | በውስጡ ባለው | ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

ሥርዓቱ በፒኤችፒ የተሠራና ሠሪው አንድ ሰው የሆነ ማኅበር ከፒኤችፒ መውጣት አያስፈልገውም፤ ካሹንና የዝርዝሩን አማራጭ አስተካክሎ ይቀጥል። ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ሁለት ሦስት ባለሙያዎች አዲስ ሥራ የሚጀምሩ ከሆነ፣ ቋንቋ የመምረጥ ነጻነትም ካላቸው፣ ዚፕ በትንሽ ዳታና በትንሽ ኮድ ያደርሳቸዋል። ፊርማና ምስጠራ ከሚጠይቅ ባንክ ጋር የሚሠራ ቡድን ግን ጃቫና ሲኤክስኤፍ ቢከብዱትም ቢታገሥ ይሻለዋል፤ በሌላው መንገድ ያተረፈውን ጊዜ ፊርማው ላይ ይከፍለዋል። በወር አንድ ጊዜ ሪፖርት ለማውጣት ብቻ የሚፈልግ የዕቃ አስተላላፊ ፕሮግራም ባያሠራም ይችላል፤ ሶፕዩአይ ላይ የተቀመጠ አንድ ፕሮጀክትና ቀኑን የሚቀይር ሠራተኛ ይበቁታል። ባለብዙ ቅርንጫፍ ድርጅት በጀት ካለው ድልድዩን ይምረጥ፤ ድልድዩ የሚቀመጥበት ሰርቨር መብራት ሲሄድ የሚያቆየው ዩፒኤስ ከሌለው ግን ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ ላይ ያውለው።

ምርመራው ጥፋቱ ሰርቨሩ ላይ መሆኑን ያሳየው ሰው ደግሞ ከአምስቱ አንዱንም አይምረጥ። ለአገልግሎት ሰጪው የቴክኒክ ክፍል የተላከውን ጥሬ መልእክት ከነሄደሩ፣ የመጣውን ፎልት እንዳለ፣ የተላከበትን ጊዜም ከነሰዓት ቀጠናው ይላክ፤ የይለፍ ቃሉንና የአባላትን የሒሳብ ቁጥር ግን አስቀድሞ በኮከብ ምልክት ይተካ። «አልሠራም» ብቻ ለሚል ደብዳቤ የሚመጣው መልስ «በእኛ በኩል ችግር የለም» የሚል ነው።